ፓተንት ማንበብ፦ ሦስተኛ ወር፣ አንድ ቃል ላይ ተቀርቅሬ

በዚህ ወር የአሜሪካን ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሰነድ) ክሌም ማንበብ እየተለማመድኩ ነው። ክሌም በፓተንቱ ውስጥ ጥበቃ የሚጠየቅበትን ነገር በቁጥር እየለየ የሚያስቀምጥ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የባለቤቱ የመሬት ወሰን ነው በሉት። መለማመጃዬ ራሴ የፈጠርኩት ይግባኝ ነው። ክሌሙ «ሁለተኛው ንብርብር ከመጀመሪያው ጋር ቦንድድ (bonded) የሆነ» ይላል። ቀደም ባለው ፈጠራ ግን በሁለቱ መሃል ስስ ፕላስቲክ አለ። የፓተንት መሥሪያ ቤቱ መርማሪ «ያው ነው» ብሎ ማመልከቻውን ውድቅ አደረገው። አመልካቹ «አይደለም፣ በቀጥታ መነካካት አለባቸው» ብሎ ይግባኝ አለ።

እኔ ሆዬ ደብተሬ ላይ «ቦንድድ»ን «የተጣበቀ» ብዬ ተርጉሜ ሁለት ሳምንት ስለፋ ከረምኩ።

ቅዳሜ እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ አናጺ ዘንድ ሄድኩ። ጠርዙ የተላጠ ጠረጴዛ ይዘዋል፤ ቺፑድ፣ ኮላ፣ ከላይ ፎርማይካ።

«አያ፣ ይሄ ፎርማይካ ከምኑ ጋር ነው የተጣበቀው?»

«ከቺፑዱ ነዋ! ከኮላው ጋር የሚል አናጺ አለ እንዴ?»

«መሃሉ ላይ ጨርቅ ቢኖርስ?»

ዝም አሉ። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። «እሱማ ጨርቁ ላይ ነው የተጣበቀው» አሉኝ።

የአሜሪካ ፍርድ ቤት የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ የሙያው ሰው ቃሉን እንዴት ይረዳዋል? የፓተንት ይግባኝ የሚያየው የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 በፊሊፕስ ጉዳይ፣ ከመዝገበ ቃላት ይልቅ የፓተንቱ የራሱ መግለጫ እንደሚያመዝን ወስኗል። ግን መግለጫው ውስጥ ያለውን አንድ ምሳሌ ወስዶ ክሌሙ ላይ መጫን አይቻልም። ይቺ ናት ወገቤን የቆረጠችው። ሥዕሉ ንብርብሮቹን ተነካክተው ስላሳየ ብቻ ክሌሙ «በቀጥታ» አለ ማለት አይደለም። እንዲያውም የምንከራከርበት ክሌም 1 ቢሆንና በእሱ ላይ የተመሠረተው ክሌም 4 «በቀጥታ ቦንድድ» ካለ፣ ክሌም 1 ከዚያ ሰፋ ያለ ነው ተብሎ ይገመታል። አመልካቹን የሚጎዳው የራሱ ክሌም ነው!

ሌላው የተሳሳትኩት፦ ባለቤቱ ሁልጊዜ ሰፊ ትርጉም የሚፈልግ መስሎኝ ነበር። በምርመራ ጊዜ ግን መሥሪያ ቤቱ ቃሉን፣ ከመግለጫው ሳይወጣ፣ ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ አስፍቶ ነው የሚያነበው። ቃሉ በሰፋ ቁጥር የድሮ ፈጠራዎች ሁሉ ይገቡበታል። ስለዚህ ውድቅ የተደረገበት አመልካች «ኧረ ጠባብ ነው» ብሎ ይሟገታል። ፓተንቱን ካገኘ በኋላ «ፈጠራዬን ቀዳብኝ» ብሎ ክስ የመሠረተ ቀን ደግሞ «ሰፊ ነው» ሊል ይፈልጋል፤ ያኔ የድሮ ክርክሩ መዝገብ ላይ ይጠብቀዋል።

«የተጣበቀ» መነካካትን ስለሚያስመስል፣ ደብተሬ ላይ ሰርዤው «የተያያዘ» ብያለሁ። እሱም አላረካኝም፤ ምስማርም ያያይዛል።