ግድግዳው የሰው ነው

ሥዕል የሳልኩባቸውን ሦስት ጣውላዎች እዚህ አሜሪካ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ፎቶውን ከለጠፍኩ ወዲህ ከደሴ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ቤት ገዛሽ እንዴ?» ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለችው ጓደኛዬማ «ሥዕል ከተሰቀለ ቤቱ ያንቺ ነው» ብላ ፈርዳለች።

ኧረ ወላሂ ኪራይ ነው! ሥዕሉም የተገዛ አይደለም። አንድ መደብር ጓሮ የተጣለ ጣውላ ለምኜ አምጥቼ፣ ፈግፍጌ፣ ነጭ ቀብቼ ራሴ የሳልኩት ነው። ፈረንጅ አዲሱን ጣውላ ሆን ብሎ አስረጅቶ በውድ ይሸጣል፤ እኛ ደግሞ የሶፋውን ላስቲክ ሳንልጥ ልጅ እናሳድጋለን።

ከላይኛው ጣውላ ላይ የደሴው ጦሳ ተራራ አለ፣ መሐሉ ላይ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከታች ኮምቦልቻና ቦርከና ወንዝ። ከደሴ ኮምቦልቻ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ግን ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ገደማ ስለሚያወርድ ደሴ የለበሳችሁት ጋቢ ኮምቦልቻ ላይ ሸክም ይሆናል። ለዚህ ነው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች የደረደርኳቸው። የፈተነኝ ጉሙ ነው። ነጭ ስቀባው የተሰጣ አንሶላ መሰለ። ቀለሙን በውሃ አቅጥኜ በእርጥብ ስፖንጅ ነካ ነካ እያደረግኩ፣ ሲደርቅ ስደግመው፣ የሐምሌ ደሴ ከች አለ። እማዬ በስልክ «ነፍስ ያለው ነገር እንዳትስዪ» ስላለች ፍየል እንኳ የለበትም። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ደግሞ «አንድ መልአክ ጣል ብታደርጊበት» አለች። ወሎ ነን፣ ሁለቱንም እሺ ብዬ ተራራዬን ሰቀልኩ።

አሰቃቀሉንስ ማን ያስተምረኛል? ጭቃ ቤት ያደገ ሰው ምስማር ከመምታቱ በፊት አንኳኩቶ እንጨቱን ይፈልጋል። የአሜሪካ ቤት የኛው ዘመድ ሆኖ አገኘሁት፦ እንጨት ያቆሙና በጭቃው ፋንታ የጂብሰም ሰሌዳ ይለጥፉበታል። ቋሚዎቹ ብዙ ጊዜ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። እነሱ ለመፈለጊያው መሣሪያ ይገዛሉ፤ እኔ በጣቴ አገኘሁት። ኮራሁ፣ አልዋሽም።

ውርደቴ የቀድሞውን ቤት ስለቅ የሆነው ነው። ፍተሻ አለ ተባለ። አንድ ያገሬ ልጅ «አብሽሪ፣ ነጭ የጥርስ ሳሙና ድፈኚበት፣ ሁላችንም እንደዚያ አድርገን ነው የወጣነው» አለኝ። ፈታሹ መጣ፤ ትሁት ሰው ነው፣ መብራት እያበራ እያጠፋ አለፈ። ሥዕሎቹ የነበሩበት ግድግዳ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጠጋ አለ። አሸተተው! «የናና ሽታ» ብሎ ፈገግ አለና ኮሪደር ላይ የቆመውን ባልደረባውን ጠራው። እሱም መጥቶ አሸተተ። ሁለት ጎልማሶች ተራ በተራ አፍንጫቸውን ግድግዳዬ ላይ ሲደቅኑ እኔ ረከቦቱ አጠገብ ቆሜአለሁ፤ አከራይ በቡና ይለሳለሳል ብዬ አፍልቼ ነበርና። ጠጡ፣ አመሰገኑ፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ቆጥረው ጻፉ። እስካሁን ጥርሴን ስቦርሽ ይታወሰኛል።

ደሴም እኮ አከራይ «ምስማር እንዳትመቱ» ትላለች። ትቆጣለች፣ ለሰፈሩ ታሰማለች፣ ማታ ግን ለቡና ትጠራለች። እዚህ ማንም አይቆጣም። በቀዳዳ ልክ የተሠራ ሒሳብ በፖስታ ይመጣል፣ ከታቹ መልካም ቀን ተመኝተውላችኋል።

እና እናንተ ልትመጡ ሻንጣ የምታዘጋጁ፣ ፎቶ አይታችሁ ቤት ገዙ አትበሉን። ቁልፍ በተቀበላችሁ ቀን፣ ዕቃ ሳታስገቡ፣ ግድግዳውን ጥግ በጥግ በስልክ ቅረጹ፤ አለዚያ ከናንተ በፊት የነበረው ሰው ቀዳዳ ዕዳችሁ ነው። እኔ ባለሁበት ሜሪላንድ አከራይ ከለቀቃችሁ በ45 ቀን ውስጥ ስትገቡ ያስያዛችሁትን ተቀማጭ ገንዘብ መመለስ፣ ከቆረጠም ዘርዝሮ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ በኑሮ ለሚመጣ ተራ እርጅና መቁረጥ አይችልም። ሌላው ስቴት የራሱ ሕግ አለው፣ ጠይቁ። የምትጠይቁት ሰው ግን ያንን «አብሽሪ» ያለኝን ልጅ አይሁን። ስቱኮ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ድፈኑ፣ ሲደርቅ ፈግፍጉት፣ ቀለም ንኩበት። ስቱኮ አይሸትም።