ቅጠሉን ከመክሰሴ በፊት

የቅጠሉን ስም አልጽፍም። ሥራው ገና አላለቀም፤ ሐዋሳ ገበያ ላይ ተገዝቶ የሚጠጣ መድኃኒት ባልተጣራ ውጤት ስሙ እንዲጠፋ አልፈልግም። የመጀመሪያው ዙር ግን ሊያሳስተኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ቅጠሉ ክሮሞሶምን፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃ የሚሸከመውን ክር፣ ይጎዳ እንደሆነ የምናይበት ሙከራ በሰው ደም ይሠራል። ሲጋራ ከማያጨስ ጤነኛ ወጣት በፈቃዱ ደም እንወስዳለን። ሊምፎሳይት የሚባለው የደም ሕዋስ ሳይቀሰቀስ ስለማይከፋፈል፣ ከቦሎቄ የሚወጣ ፊቶሄማግሉቲኒን የሚባል ቀስቃሽ ፕሮቲን እንጨምርበትና 37 ዲግሪ ላይ እናቆየዋለን። ሲዳማ ውስጥ በየማሳው የሚዘራው ቦሎቄ እዚህ ሥራ ውስጥ መግባቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ከሁለት ቀን በኋላ የቅጠሉ ጭማቂ ይገባል፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ታጥቦ ሳይቶካላሲን ቢ ይተካል። እሱም ኒውክሊየሱ፣ ክሮሞሶሞቹን የያዘው የሕዋሱ አስኳል፣ ሲከፈል ሕዋሱ ራሱ ለሁለት እንዳይቆረጥ ያግዳል። ስለዚህ አንዴ የተከፋፈለ ሕዋስ በሁለት ኒውክሊየሱ ይታወቃል። የተሰበረ የክሮሞሶም ቁራጭ ወይም ወደ ኋላ የቀረ ሙሉ ክሮሞሶም ካለ፣ ከጎናቸው ትንሽ ክብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ይህ ማይክሮኒውክሊየስ ነው። ለእያንዳንዱ የጭማቂ መጠን ቢያንስ 2000 ባለ ሁለት ኒውክሊየስ ሕዋሳትን እንመረምራለን።

በከፍተኛው መጠን ነጥቦቹ በዝተው አየሁ። ቅጠሉን አክስቴም ትጠጣዋለች፤ ያን ሌሊት አልተኛሁም። ጠዋት ለአማካሪዬ ሳሳያቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ስንቱ ሕዋስ በሕይወት ነበር?»

አልለካሁም ነበር። ስለካው አብዛኛው ሕዋስ መከፋፈሉን አቁሟል። ለዚህ ሙከራ በወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ከፍተኛው መጠን የሕዋሳቱን መባዛት በ55 በመቶ ገደማ ቢቀንስ ይበቃል፤ የእኔ ከዚያ እጅግ አልፎ ነበር። የሚሞት ሕዋስ ኒውክሊየሱ ይበጣጠሳል፤ ፍርፋሪውንም የቸኮለ ዓይን ማይክሮኒውክሊየስ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ፊት ለፊቴ የነበረው ነገር ነው፦ ሕዋሳቱ የሚያድጉበት ቀይ ፈሳሽ ጭማቂው ሲገባበት ወደ ቢጫ ተለውጦ ነበር። አሲዱ በዝቷል ማለት ነው። የአሲድ መብዛት ብቻውን ክሮሞሶም ሊሰብር ይችላል። እያየሁት አለፍኩት።

አሁን የፈሳሹን አሲድ ሳላስተካክል፣ ሕዋሳቱ የሚችሉትን መጠን ሳልለይ ወደ ቆጠራ አልገባም። ክሮሞሶም መጉዳቱ የታወቀውን፣ ማይቶማይሲን ሲ የሚባለውን መድኃኒት በየዙሩ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፤ እሱ ላይ ነጥብ ካላየሁ ሙከራው ራሱ አልሠራም። በጉበት ውስጥ ካለፉ በኋላ ብቻ የሚጎዱ ነገሮችም ስላሉ፣ ከአይጥ ጉበት የተዘጋጀ ኢንዛይም የተጨመረበት ሌላ ዙር አለኝ። ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ በሚታዩባቸው ስላይዶች ላይ ቁጥር የምትለጥፈው ባልደረባዬ ናት፤ የትኛው ቅጠሉ፣ የትኛው ለማነጻጸሪያ የተጨመረው ውኃ እንደሆነ ስቆጥር አላውቅም።

11 ስላይድ ይቀረኛል። የቁጥሮቹ ዝርዝር በእሷ መሳቢያ ተቆልፎበታል።