ጠፈሩ ነው ወይስ ማሞቂያው?

ቶሮንቶ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በኦንታሪዮ ሥርዓተ ትምህርት የዕፅዋት ዕድገት የሚሰጠው በዚህ ክፍል ስለሆነ «ቶማቶስፌር» ለተባለው ፕሮጀክት ተመዘገብኩ። ከ2001 ጀምሮ ያለ የካናዳ ፕሮጀክት ነው፤ ለአስተማሪዎች ሁለት ፓኬት የቲማቲም ዘር በነፃ ይልካል። የአንዱ ዘር ጠፈር ደርሶ የተመለሰ ነው፣ የሌላው ከምድር ንቅንቅ አላለም። የትኛው የቱ እንደሆነ ግን አይነግሩም። ፓኬቱ ላይ ያለው የፊደል ኮድ ብቻ ነው፤ ምሥጢሩ የሚገለጠው የበቀለውን ቆጥረን ስንልክ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከየፓኬቱ 30 ዘር ወስደን በሁለት ትሪ ዘራን። ቦታ ስለጠበበን አንዱን መስኮቱ ሥር፣ ሌላውን ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩ። በስድስተኛው ቀን ከመስኮቱ 21 በቅሎ ከቁም ሣጥኑ 9 ብቻ! ክፍሉ ተተራመሰ። ገሚሱ «ያንን የጠፈር ጨረር ገድሎታል» አለ፣ ገሚሱ «የለም፣ ይሄንን ጠፈር አበርትቶት ነው»። አልዋሽም፣ እኔም ልቤ ዘሎ ነበር። አንዲት ዝምተኛ ልጅ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከትታ «ይሄኛው ይሞቃል» አለችኝ።

ለካ መስኮቱ ሥር የክፍሉ ማሞቂያ አለ። የቲማቲም ዘር ሙቀት ሲያገኝ ቶሎ ያጎነቁላል፣ ሲበርደው ይለግማል። በ12ኛው ቀን 27 ለ26 ሆኑ።

በሚቀጥለው ዓመት የሁለቱንም ፓኬት ዘር በአንድ ትሪ ላይ ረድፍ በረድፍ አፈራረቅነው፤ ባለቀለም የጥርስ እንጨት ምልክት ሆነ። ትሪውን በየጠዋቱ አዞርን። ውሃው በመድኃኒት መለኪያ ተሰፍሮ ነበር፤ ምክንያቱም አምና አጠጪዎቹ ለሚደግፉት ትሪ ደበቅ አድርገው ሲጨምሩ ደርሼባቸዋለሁ። «በቀለ» የምንለውም አንገቱ ከአፈር ወጥቶ ሲታይ ብቻ እንዲሆን አስቀድመን ተስማማን። ያለዚህ ሁለት ልጅ አንዱን ትሪ ቆጥሮ ሁለት ቁጥር ያመጣል።

አንዲት ሐበሻ እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ «መምህር፣ ይሄ ነገር አይመርዝም ወይ?» አለችኝ። በ1984 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ባደረሰችው ሳተላይት ላይ 12.5 ሚሊዮን የቲማቲም ዘር እንደነበረ፣ ለአንድ ዓመት ታስቦ 6 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በ1990 ኮሎምቢያ የተባለችው ሌላዋ መንኮራኩር እንዳወረደችው፣ የአሜሪካ ተማሪዎችም ተክለውት ከምድሩ ብዙ እንዳልተለየ ነገርኳት። ችግኙን ወስዳለች፤ ለስልስ እንደሆነም አልደበቀችኝም።

የዚያ ዓመት ውጤታችን 28 ለ27 ነበር። አንዱ ልጅ አኮረፈ፤ «ታዲያ ጠፈር ምንም አላደረገም?» በ30 ዘር እንዲህ ማለት እንደማይቻል፣ የኛ ቁጥር ከሺዎች ክፍሎች ቁጥር ጋር የሚደመረውም ለዚህ እንደሆነ አስረዳሁት። ትንሽ አሰበና ፓኬቱን አንሥቶ አናወጠው፤ የቀረ ዘር ይኖር እንደሆነ ሊሰማ።