ለዳማው ድርቆሽ ስመርጥ

ኮምቦልቻ ውስጥ በጋሪ ነው የምተዳደረው። ዳማ ፈረሴን በገዛሁበት ዓመት ድርቆሽ የመረጥኩት በክምሩ ትልቅነትና በዋጋው ርካሽነት ነበር። ታኅሣሥ ላይ የታጨደ ሰንበሌጥ ነው። ፈረሱ ቅጠሉን እየለቀመ አገዳውን ግርግሙ ውስጥ ይተወዋል። በወሩ የጎን አጥንቱ ይቆጠር ጀመር፤ እኔ ግን ቀብጦ ነው ብዬ ፉርሽካ ጨመርኩለት።

ወደ ክምሩ ሥር ስደርስ ደግሞ ባሰ። እስሩን ስፈታው ነጭ ብናኝ እንደ ዱቄት ቦነነ፤ ዳማው አቀበት ላይ ቆሞ ይስል ጀመር። ሻጋታ ነበር። ጎረቤቴ «ላሞቼ ይበሉታል» ቢለኝ አምኜው ነበር። ፈረስ ግን እንደ ላም አያመሰኳም፤ የከፋ ነገር ቢበላም ማስመለስ አይችልም።

በሚቀጥለው ኅዳር ወደ ቦሩ ሜዳ ወጣሁ። ድርቆሽ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ።

«ሐጂ፣ ለፈረስ የትኛው ሳር ይሻላል?»

«የሳሩን ስም ተወው ልጄ፤ መቼ እንደታጨደ ጠይቅ።»

እጃቸውን እስከ ክርናቸው ክምሩ ውስጥ ሰደው ከመሃል አንድ ጭብጥ መዘዙ። ሲጠመዝዙት እንደ ገመድ ተጠመዘዘ እንጂ አልተሰበረም። ቅጠሉ አልረገፈም፣ አረንጓዴነቱም አልጠፋም፤ ሰርዶ ነው፣ ማገጥ የሚባለው ባለ ሦስት ቅጠል የመኖ ተክልም በጥቂቱ አለበት። ዘር ሳይዝ በመስከረም መጨረሻ ታጭዷል። ከጎኑ ካለው ክምር ደግሞ እኔው እንድመዝ አደረጉኝ። ጥቅምት ላይ ዝናብ አግኝቶት ሳይደርቅ የተከመረ ነው፤ ውስጡ ይሞቃል፣ ይሸታል። «ይህን አልሸጥልህም» አሉኝ። እንዲህ ያለ ነጋዴ ከየት ይገኛል!

አዲሱን ድርቆሽ ከአሮጌው ክምር ካልሻገተው ጋር እየቀላቀልኩ በ10 ቀን አለማመድኩት፤ ድንገት መኖ መቀየር ለሆድ ቁርጠት ይዳርጋል። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ገደማ ድርቆሽ ይበቃል፤ እኔም በሚዛን ነው የምሰጠው። ጥቂት አቧራ ካለው ውኃ አርከፈክፍበታለሁ። የሻገተውን ግን ውኃ አያድነውም፤ ይጣላል። የጤፍ ጭድ ሲተርፈኝ ለመሙያ እጨምራለሁ፤ ብቻውን ግን ጋሪ አያስጎትትም።

የአሁኑ ድርቆሽ በእስር ሲቆጠር ውድ ነው። ጠዋት ጋጣውን ስጠርግ ግን የማገኘው አንድ ጭብጥ አገዳ ብቻ ነው፤ እሱንም የጎረቤቴ አህያ ትጨርሰዋለች።