ቶሎ የጨፈረው ድራጎናይት

የምሠራው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ ጌም ቤት ነው። ኮምፒውተሮቻችን አርጅተዋል፤ አዳዲስ ጌም አይችሉም። ፖክሞን የሚባሉ ምናባዊ ፍጡራን በየተራ የሚፋለሙበት ፖክሞን ሾውዳውን ግን በብሮውዘር የሚሠራና ነጻ ስለሆነ ሳይንገዳገድ ይሄድላቸዋል። በዚያ ምክንያት ቅዳሜ ቅዳሜ ውድድር ማዘጋጀት ጀመርን። ጀማሪዎችን ማስተማር የኔ ሥራ ሆነ።

ከማስተምራቸው አንዱ ከኮምቦልቻ የሚመጣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነበር። ጠዋት ሚኒባስ ይዞ ዳገቱን ይወጣል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች በስስ ሹራብ ይነሳና የጦሳ ጭጋግ ሲቀበለው እጁን እያሻሸ ይገባል። ጣቶቹ እስኪሞቁ ማውሱን አይነካም። ዝምተኛ ነው፤ አንዴ የነገሩትን ግን አይረሳም። ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው። የነገርኩትን አልረሳም።

የነገርኩት ስለ ሴታፕ ስዊፐር ነበር። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ሰው ስድስት ፖክሞን ይዞ ይገባል። ሴታፕ ስዊፐር የሚባለው መጀመሪያ አንድ ተራ ሳይመታ አቅሙን ያሳድጋል፤ ከዚያ የቀሩትን አንድ በአንድ ይጠርጋል። ለልጁ ድራጎናይትን ሰጠሁት። ድራጎናይት ድራጎን ዳንስ የሚባለውን ጭፈራ አንዴ ሲጨፍር ጉልበቱም ፍጥነቱም በአንድ ተኩል ይባዛል። ሁለቴ ከጨፈረ እጥፍ ይሆናል። ጤናው ሙሉ እስካለ ድረስ ደግሞ መልቲስኬል የሚባለው ችሎታው የሚደርስበትን ጉዳት በግማሽ ይቀንስለታል።

«እንደገባህ ጨፍር። ሁለቴ ከጨፈርክ ማንም አያቆምህም» አልኩት። ቅንጣት ሳልጠራጠር ነው ያልኩት። እኔ ራሴ በዚያ መንገድ ስንቴ አሸንፌያለሁ። ያሸነፍኩት ግን ጀማሪዎችን ነበር።

ልጁ ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ልጁ በመጀመሪያው ተራ ድራጎናይትን አወጣ። ፊት ለፊቱ የተጋጣሚው ፖክሞን ቲንግ ሉ ቆመ። የቲንግ ሉ ዋና ዱላ ኧርዝኩዌክ፣ ማለትም የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ ድራጎናይት ደግሞ በራሪ ስለሆነ አይነካውም። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። ጭንቅላቴን ነቅንቄ «አዎ» አልኩት።

ጨፈረ። ቲንግ ሉ ስቲልዝ ሮክ በተነ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳ የሚገባውን ሁሉ የሚወጋ ድንጋይ ማለት ነው። ልጁ ደገመ። ቲንግ ሉ ዊርልዊንድ ነፋበት። ድራጎናይት ከሜዳ ተጠርጎ ወጣ፤ በቦታው ሌላ ፖክሞን ተጎትቶ ገባ። ፖክሞን ከሜዳ ከወጣ ያሳደገው አቅም ሁሉ ይሰረዛል። የሁለት ተራ ጭፈራ ብን ብሎ ጠፋ።

«መልሰህ አስገባው!» አለ ከኋላ የቆመ አንዱ። አስገባው። ድንጋዩ የጤናውን ሩብ ወሰደ። ጤናው ሲጎድል መልቲስኬልም አብሮ ሄደ። ያኔ ዊቪል መጣ። የዊቪል አይስ ሻርድ ቅድሚያ ያለው የበረዶ ምት ነው፤ ብትፈጥንም ይቀድምሃል። ድራጎናይትን በረዶ አራት እጥፍ ይጎዳዋል። እኔ ስክሪኑን ትቼ የልጁን እጅ ነበር የማየው። አመልካች ጣቱ ማውሱ ላይ እንደተጫነ ቀረ።

የቀረው ቶሎ አለቀ። «አብሽር» ልለው ስጠጋ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጥቷል።

የቤቱ ባለቤት ጥግ ላይ ጀበና ጥደው ነበር። «ምነው ልጁ ሳይሰናበት ሄደ?» አሉኝ። ነገሩን እንደሚሆን አድርጌ አስረዳኋቸው። እትዬ ፖክሞን ምን እንደሆነ አያውቁም። ጨርሼ ዝም ስል «ታዲያ ማን ማን እንደሚያቆመው ሳትነግረው ነው የላክኸው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ማታ ደወልኩለት። «ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ ና፣ አብረን እናየዋለን» አልኩት። እሁድ ከሰዓት መጣ። ሪፕሌዩን፣ ማለትም የጨዋታውን ቅጂ ከፍተን ተራ በተራ አየነው። እውነቱን ለመናገር፣ ገና ከመጀመሪያው ገጽ አልፈን መሄድ አያስፈልገንም ነበር። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሁለቱም ተጫዋቾች ስድስት ስድስት ፖክሞን ይታያሉ። ምን ምት እንደያዙ አይታይም፤ ስማቸው ግን በቂ ነው። ደብተር ሰጠሁትና «ድራጎናይትህን የሚያቆሙትን ጻፍ» አልኩት። ቲንግ ሉ፣ ዊቪል፣ ድራጋፐልት ብሎ ጻፈ። ሦስቱም በመጀመሪያው ተራ ደህና ነበሩ። እኔ ደግሞ ያንን እያየሁ ነው ጨፍር ያልኩት።

«ድራጋፐልት ለምን?» ብዬ ጠየቅኩት። «ይፈጥናል መሰለኝ» አለ። ካልኩሌተር አወጣን። ጉልበት ይበልጣል ብዬ ለድራጎናይት አዳማንት የሚባለውን ባሕርይ ሰጥቼው ነበር። በዚያ ባሕርይ፣ የፍጥነት ሥልጠናው ሙሉ ሆኖ፣ ደረጃ 100 ላይ ፍጥነቱ 259 ነው። አንዴ ሲጨፍር 388 ይሆናል። እስከ ጫፍ የፈጠነ ድራጋፐልት ግን 421 ነው። ሁለቴ መጨፈር ግድ የሆነው ለዚህ ነበር ለካ! ባሕርዩን ፍጥነት ወደሚጨምረው ጆሊ ቀየርነው። 284 ሆነ። በአንድ ተኩል ሲባዛ 426። ልጁ ቁጥሩን ሁለቴ አሰመረበት። በአምስት ነጥብ ልዩነት፣ አንድ ሙሉ ተራ ተረፈን።

ስለዚች ተራ አምርሬ ነው የምናገረው። ሁለተኛው ጭፈራ አብዛኛውን ጊዜ ስስት ነው። ተጋጣሚህ የሚነፋብህን፣ ሽባ የሚያደርግህን፣ ዶንዶዞን የመሰለ ጭፈራህን ከቁብ የማይቆጥር ፖክሞን የሚያስገባው በዚያች ተራ ነው። አንዴ ጨፍሮ ለመጥረግ ግን ሜዳው ቀድሞ መጽዳት አለበት። ስለዚህ ግሬት ተስክን ከፊት አስቀደምነው። በራፒድ ስፒን ድንጋዩን ያነሳል፤ በክሎዝ ኮምባት ቲንግ ሉን ያደቅቃል። ድራጎናይት ድንጋዩ እንዳይወጋው ሄቪ ዲዩቲ ቡትስ አደረገ። ኤክስትሪም ስፒድ የሚባል ምትም ጨመርንለት፤ ከአይስ ሻርድ ስለሚቀድም የቆሰለ ዊቪል አይተርፍለትም። እትዬ ቶናውን ሲያቀርቡልን ገና ስለመግቢያው ሰዓት እየተከራከርን ነበር። ልጁ የድራጎናይት ጤና ሙሉ ከሆነ መቼም ይግባ ባይ ነው። እኔ ደግሞ ተጋጣሚው ሊመታህ የማይችልባት ወይም ለመቀየር የሚገደድባት ተራ እስክትመጣ ጠብቅ አልኩ። ተስማማን ማለት አልችልም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሌላ ጠንካራ ልጅ ደረሰው። ደብተሩን ኪቦርዱ አጠገብ ዘርግቷል። አንዱ ፖክሞን በወደቀ ቁጥር ስሙን ይሰርዛል። አሥር ተራ አለፈ። አሥራ አምስት አለፈ። ከኋላ ያሉት ትዕግሥታቸው አልቆ «ድራጎናይቱን አውጣው እንጂ!» ይላሉ። አልተነቃነቀም። እኔም አፌን ይዤ ቆምኩ። አንድ ጊዜ ዞር ሲል ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም፤ በራሱ እንዲወስን ፈለግኩ።

ከዚያ ተጋጣሚው ቾይስ ስካርፍ ያደረገ ላንዶረስ አስገብቶ በኧርዝኩዌክ መታ። ስካርፍ ያደረገ ፖክሞን ካልወጣ በስተቀር በዚያው ምት ተቆልፎ ይቀራል። የልጁ ፖክሞን ወደቀ። ድራጎናይት ወጣ፤ ጤናው ሙሉ ነው፣ ኧርዝኩዌክም አይነካውም። ተጋጣሚው ላንዶረስን ለማውጣት ተገደደ። እሱ ሲቀይር ልጁ ጨፈረ። አንዴ ብቻ።

የገባው ድራጋፐልት ነበር። ቤቱ ውስጥ «አለቀለት!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ኤክስትሪም ስፒድ መንፈስ የሆነውን ድራጋፐልት አይነካውም፤ ልጁ ያለው ድራጎን ክሎው የሚባለው ምት ብቻ ነው፤ እሱ የሚሠራውም ከቀደመ ነው። ተጫነው። ድራጎናይት ቀደመ። ድራጋፐልት በአንድ ምት ወደቀ።

ልጁ ወደኔ ዞሮ አምስት ጣቱን ዘርግቶ አሳየኝ።