ካርዱ ላይ የተጻፈው ቃል

እማማ የተቀመጡት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በሚቀመጥባት ትንሽ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነበር። ነጠላቸው መሬት እንዳይነካ ሰብስበው ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል። ልጃቸው፣ የተማሪው እናት፣ የሌሊት ፈረቃ አድራ ከኤርፖርት በቀጥታ ስለመጣች የሥራ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። መምህርቷ ከፊት ለፊታቸው፣ እኔ እንደ ደንቡ ከጠረጴዛው ጫፍ። ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ኦክቶበር 2022። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ለትምህርት ቤቶች፣ በሰዓት እየተከፈለኝ። አብዛኛው ቀን ክትባት፣ የምሳ ፎርም፣ የአውቶቡስ ሰዓት፣ «ልጅዎ ጎበዝ ነው፣ ግን ክፍል ውስጥ ያወራል» ነው። ሁልጊዜ የምንደናቀፈው የምዝገባ ፎርሙ ላይ «ዘር» የሚለው ጥያቄ ጋ ስንደርስ ነው። «እኛ የትኛው ነን?» ይሉኛል። «ሐበሻ የሚል የለውም?» አንድ አባት «ጠይም ብለሽ ጻፊልኝ» ብለውኛል፤ አልቀለዱም። ቃሉ ራሱ ያስቸግራል። አገር ቤት «ዘር» ሲባል የሚታየን ብሔር ነው፤ «ዘረኛ» ሲባል ደግሞ ለራሱ ብሔር የሚያዳላ ሰው። እዚህ የሚጠየቀው የቆዳ ቀለም ነው፤ ከቆዳ ቀለሙ ጋር ደግሞ የ400 ዓመት ጉድ አለ። ይህን ሁሉ በአንዲት ቃል አሻግሪ ተብዬ ነው የምቀመጠው።

ያን ቀን ስብሰባውን የጠየቀችው እናትየው ናት። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «እኛም ባሪያ ነበርን?» ብሎ ጠይቋታል። ቨርጂኒያ ውስጥ አራተኛ ክፍል የሚማሩት የግዛቷን ታሪክ ነው። በ1607 ጄምስታውን ከሰፈሩት እንግሊዞች ይጀምራል፤ ብዙም ሳይቆይ ኦገስት 1619 ይመጣል፤ ከዛሬዋ አንጎላ ምድር ተግዘው የመጡ ሃያ ምናምን ሰዎች ፖይንት ኮምፈርት ላይ በስንቅ ተለውጠው የወረዱበት።

መምህርቷ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ገና ስንገባ ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነው። ለምን እንደሆነ የገባኝ ይዛው የመጣችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ነበር፤ ግዛቲቱ ያወጣችው የትምህርት መመዘኛ ነው፣ ስለ ባርነት የሚለው መስመር በቢጫ ተቀብቷል። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ አገረ ገዥው ግሌን ያንግኪን ሥልጣን በያዙበት ቀን የፈረሙት የመጀመሪያው ትእዛዝ ትምህርት ቤቶች ውስጥ «በባሕርያቸው ከፋፋይ» የሆኑ ሐሳቦች እንዳይሰጡ የሚል ነበር። ወላጆች የሚጠቁሙበት የኢሜይል አድራሻም ተከፍቶ ነበር። ስለ 1619 ማስተማርን ማንም አልከለከለም፤ መመዘኛው ራሱ ያዛል። ግን «ወላጅ ስለ ታሪክ ትምህርቱ ሊያነጋግርሽ ይፈልጋል» ተብላ የትኛዋ መምህር ተኝታ ታድራለች?

እናትየው ጀመረች። «ልጄ ለምን ተማረ አይደለም። ግን ይሄ የእኛ ታሪክ አይደለም። እኛ ዐድዋ ላይ ያሸነፍን፣ ቅኝ ሳንገዛ የኖርን ሰዎች ነን። ልጄ ራሱን ዝቅ አድርጎ እንዲያይ አልፈልግም።»

አንድም ቃል ሳልጥል አስተረጎምኩት። ደንቡ ይሄው ነው፤ የሰማሽውን ሁሉ፣ እንደሰማሽው፣ በአንደኛ መደብ። እሷ «እኔ» ካለች እኔም «እኔ» ነው የምለው። እውነቱን ለመናገር ዐድዋ ላይ ስደርስ ድምፄም ትንሽ ከፍ ብሏል።

አስተርጓሚ የራሱን አያስገባም እንጂ እኔም የምለው ነበረኝ። በ1924 የወጣው የስደተኞች ሕግ ለኢትዮጵያ የመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ የኮታ አሠራር የቀረው በ1965 ነው፤ የሲቪል መብቶች ሕግ በወጣ በዓመቱ፣ የመምረጥ መብት ሕጉ በጸደቀበት በዚያው ዓመት። ጥቁር አሜሪካውያን ተደብድበውና ታስረው የአገሪቱን ሕግ ባይገፉት ኖሮ፣ እናትየውም እኔም በዲቪ ሻንጣ አንጠልጥለን የምንገባበት አገር ይኖር ነበር? ዋጥ አደረግኩት።

መምህርቷ ግን የራሷን አመጣች። «እናቴ የፋርምቪል ልጅ ናት» አለች። «በ1959 ሰባት ዓመቷ ነበር። ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ አብረው ይማሩ ሲል ፋርምቪል ያለችበት የፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ከማቀላቀል መዝጋት ይሻላል አለ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ፣ እስከ 1964። ነጮቹ የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። እናቴ ቤት ተቀመጠች። እስከ ዛሬ ሰው ፊት መጻፍ ታፍራለች።»

እማማ ከንፈራቸውን መጠጡ። እናትየው «አምስት ዓመት?» አለች፣ በራሷ እንግሊዝኛ፣ እኔን ሳትጠብቅ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም አቀማመጣችንን አስተካከልን፤ ወረቀቱንም መምህርቷ ገልብጣ አስቀመጠችው።

ፊቷ ፈታ ብሎ ወደ ግድግዳው ሄደች። ልጆቹ ለትምህርቱ ዋና ዋና ቃላት በየቤታቸው ቋንቋ ካርድ ሠርተዋል፤ «ነጻነት»፣ «መርከብ»፣ «ትምባሆ»፤ በስፓኒሽ፣ በዓረብኛ፣ በኡርዱ፣ በአማርኛ። አንዱን ነቅላ አመጣችልን። ልጁ ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ስለቆጠረ «ሪ»ዋን ትንሽ ከማንጋደዱ በቀር አሳምሮ ጽፎታል። «ባሪያ» ይላል።

እንግሊዝኛው ግን እንደሱ አይልም። መምህርቷ ሆን ብላ የመረጠችው ቃል ሰዎቹ ባሪያ የነበሩ ሳይሆን ሌላ ሰው በባርነት የያዛቸው መሆናቸውን የሚናገር ነው። ልጁ ከቤቱ ያገኘው ይሄን ስለሆነ ይሄን አመጣ።

«በጣም ረድቶኛል» አለች እየሳቀች። «አንድ ነገር ልጠይቅ ግን። አያቱ ፎቅ ላይ ያለውን ጎረቤታቸውን በዚህ ቃል ይጠሩታል ብሎኛል። ቅጽል ስም ነው?»

እናትየው አንገቷን ደፋች። እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለች?»

«ጎረቤትዎን በምን እንደሚጠሯቸው ጠየቀች» አልኳቸው። ቃሉን አልጠራሁትም። እሳቸው ግን ካርዱን አይተዋል። «ኧረ ስድብ ብዬ አይደለም ልጄ። መልኩን ነው እንጂ። ያ ባሪያ፣ ላይኛው ቤት ያለው። ደግ ሰው ነው፣ አስቤዛዬን ሁሉ ተሸክሞ በር ድረስ ያደርስልኛል።»

የመምህርቷ እጅ ጠረጴዛው ላይ ከእጄ አጠገብ ነበር። «የድሮ ቃል ነው ይላሉ» አልኳት። «ትልልቅ ሰዎች መልኩ ጠቆር ያለን ሰው እንደዚያ ይላሉ፤ ስድብ አይደለም።»

«ይላሉ።» ግማሽ ሰዓት ሙሉ «እኔ» እያልኩ ቆይቼ እዚህች ላይ ወደ «እሳቸው» ሸሸሁ። ሙያውን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ቢቀመጥ በዚያች ብቻ ይነቃብኝ ነበር። ያ ባሪያ የሚለውንም፣ አስቤዛውንም፣ የሰውየውን ደግነትም ቆርጬ ጣልኩት። መምህርቷ «አሃ» ብላ ካርዱን መልሳ ለጠፈችው። እኔም መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አሮጊቷን አዳንኩ፣ የሐበሻንም ስም አዳንኩ እያልኩ ነዳሁ። የራሴን ፊት ማዳኔን ያን ዕለት አላሰብኩትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለዚያው ክፍል ተጠራሁ። ሌላ ወላጅ ነው፤ አባት፣ ኢትዮጵያዊ፣ ሴት ልጁ ከዚያ ልጅ ጋር ትማራለች። ስገባ ካርዱ አጠገብ ቆሟል። «እኔ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም» አለ፣ ከእኔ በተሻለ እንግሊዝኛ። «ግን ትቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። በሥራዬ ዘመን እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ አያውቅም ነበር።

«ሚዛን ተፈሪ ተወልጄ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት» አለ መምህርቷን እያየ። «ወንድ አያቴ በልጅነታቸው ከማጂ አካባቢ ተነጥቀው የተሸጡ ሰው ናቸው። አገሬ ባርነትን በአዋጅ ያስቀረችው በ1942 ነው።» በእኛ 1934 ዓ.ም. መሆኑ ነው። «አዋጁ ከወጣ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ እኔ አዲስ አበባ አራተኛ ክፍል ስገባ የተጠራሁት በዚህ ቃል ነው። ጠጉሬን እየነካኩ። ማንም ቀለሜን ሊገልጽ ብሎ አልጠራኝም። ‘እቃ ነህ’ ሊለኝ ነው።»

መምህርቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ልጁን እንዳትቆጪው» አለ። «ክፋት የለውም። ምሳ ላይ ለልጄ ይቺን ካርድ አንብቦላት ‘ኢትዮጵያ ቢሆን አንቺም ይሄ ነሽ?’ ብሎ ጠየቃት። ማታ ደግሞ እሷ እኔን ጠየቀችኝ።»

ከዚያ መምህርቷ ወደ እኔ ዞረች። «ስድብ አይደለም ብለሽኝ ነበር።»

ማስተባበያ አልነበረኝም። እማማ ያሉትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ያስቀረሁትንም ጨምሬ፣ አባትየው እየሰማ ነገርኳት። «ያ ባሪያ» የሚለውንም አልዘለልኩም። ስጨርስ መምህርቷ ለረጅም ጊዜ ካርዱን ስታይ ቆየች። «እኔ አራት ሳምንት ሙሉ ለልጆቹ ማንም ሰው ባሪያ ሆኖ አይወለድም እያልኩ፣ ግድግዳዬ ላይ…» አለችና ተወችው።

ካርዱን ነቀለችው። በምን እንተካው ስትል ማርከሩን እኔ አንስቼ ነበር። አባትየው እጁን ዘረጋ፤ ሰጠሁት። «በባርነት የተያዘ ሰው» ብሎ ጻፈ። ሦስት ቃል ስለሆነ ካርዱ አልበቃም፤ ሁለተኛ ካርድ በስኮች ቀጥሎ «ሰው» የሚለውን እዚያ ላይ አደረገው። ለብቻው ስለተጻፈ ከሌላው ገዘፍ ብሎ ነው የወጣው።

ለአለቃዬ ራሴ ነኝ ያሳወቅኩት። የሥነ ምግባር ሥልጠናውን ከመጀመሪያው ድገሚ ተባልኩ፤ ሁለት ወር የስልክ ሥራና የምሳ ፎርም ብቻ። እሱ አይደለም የከበደኝ። ከመጀመሪያው ቤተሰብ ጋር ስብሰባው ይደገም፣ ያልተተረጎመው ይተርጎም የሚለው ነው የከበደኝ።

እማማ ያንኑ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። መምህርቷ የአባትየውን ነገር ስም ሳትጠራ ነገረቻቸው፤ ቃሉ እሷ ራሷ ጆሮ ላይ እንዴት እንደሚወድቅም ነገረቻቸው። ሁሉንም «እኔ» እያልኩ አስተረጎምኩት። እማማ ቀና ብለው ያዩት እሷን አይደለም፣ እኔን ነው።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳያፍሩ ብዬ ነው እማማ።»

«አሁን ሁለት ጊዜ አፈርኩ» አሉኝ። ከዚያ ለመምህርቷ ይቅርታ ጠይቀው «እና ሰውየውን ምን ብዬ ልጥራው?» አሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳይለይ። ጥግ ላይ ሥዕል የሚቀባው ልጅ ቀና ሳይል የጎረቤታቸውን ስም ተናገረ። ያውቀው ኖሯል።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ቃል የማለዝበው ለሰው ደግ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር። እማማ ግን የራሳቸውን ቃል የሚያርሙበትን ዕድል ነው የቀማኋቸው፤ መምህርቷንም በሌላ ሰው ስድብ ግድግዳዋን እንድታስጌጥ ያደረግኳት እኔ ነኝ። አሁን ከባድ ቃል ሲመጣ አቆማለሁ። «አስተርጓሚዋ ስለዚህ ቃል አንድ ነገር ማስረዳት ትፈልጋለች» እላለሁ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ማንም ሳይሰማው የሚቀር እንዳይኖር። ቃሉን እንዳለ እጠራዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን ማንን ሲጠራበት እንደኖረ እናገራለሁ፤ ከዚያ መልሱን ለባለቤቱ እተወዋለሁ። ጊዜ ይበላል። ሦስት ጊዜ ያህል የስብሰባ ሰዓት አልቆ ሰዎች ቆመው ጠብቀውኛል። ማስታወሻ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ አጭር ዝርዝር አለኝ፤ ዘር፣ ዘረኛ፣ ጠይም፣ ቀይ፣ ሻንቅላ፣ ባሪያ። አጠገባቸው ያለው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ተሰርዟል።

ልጆቹ አሁን መካከለኛ ደረጃ ገብተዋል። አባትየውን አንዳንዴ መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘዋለሁ። ትሑት ሰው ነው፣ ቀድሞ ነው ሰላም የሚለኝ። በአማርኛ ሰላም እለዋለሁ፤ እሱ የሚመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው።