ከከሰል ምድጃ ስር ምን ይነጠፍ?

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎኑ ፕላስቲክ ምንጣፍ ነው። ግድግዳውን ተከትሎ ፍራሽ ተዘርግቷል፣ ላዩ ላይ መከዳ ተደርድሯል። የድሬ ቤት ነውና ቡናውም እጣኑም በርጫውም እዚያው ነው። ፍም ከሰል፣ ስፖንጅ ፍራሽና ፕላስቲክ በአንድ ክፍል ውስጥ ይውላሉ ማለት ነው። ምድጃው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቡናማ ክብ ወጥቷል። እናቴ እንዳይታይ ረከቦቱን ታስቀምጥበታለች።

ምንጣፉን ልንቀይር ስናስብ ነው ነገሩን የምሬን የያዝኩት። ከምድጃው ስር የሚሆን ነገር ሳላገኝ አዲስ ምንጣፍ አይነጠፍም አልኩ። እናቴ ተገረመች። "ድሮስ ትሪ ላይ አይደል እንዴ የምናስቀምጠው?" አለችኝ። ልክ ናት፣ ትሪ አለ። ግን ትሪው ብረት ነው። ፍም ቢወድቅበት አይቃጠልም፣ ሙቀቱን ግን ተቀብሎ ለምንጣፉ ያቀብላል። ያንን ክብ ያወጣው ራሱ ትሪው ነው። የፕላስቲክ ምንጣፍ ደግሞ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ምድጃው ከአንድ ሰዓት በላይ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይቆያል፤ ለዚያ ሙቀት ጊዜው ከበቂ በላይ ነው።

እዚሁ ድሬ ያለው ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄድኩ። እዚያ የማይገኝ ነገር የለም፣ ችግሩ መምረጡ ነው። አንዱ ሻጭ ግራጫ፣ አብረቅራቂ፣ ከፋይበር ግላስ የተሠራ ምንጣፍ አወጣልኝ። "እሳት አይነካውም" አለና ላይተሩን ከስር ለኮሰበት። እውነቱን ነው፣ ትንሽ ጠቆረ እንጂ አልተቃጠለም። እኔ መዳፌን ከላይ አሳረፍኩ። ወዲያው አቃጠለኝ። "ወሪያ! እጅህን አንሳ እንጂ!" ብሎ ጮኸብኝ። አቦ፣ እኔ የፈለግኩት እሱን ማየት ነበር። ጨርቁ አልነደደም፣ ሙቀቱ ግን አልፎ መጣ። ሻጩ እያሳየኝ የነበረው አለመንደዱን ብቻ ነው። ምንጣፌን የሚያድነው ግን ሙቀቱን ማስቆሙ ነው። ስትገዙ ይሄንን ለይታችሁ ጠይቁ። እጃችሁን ግን እንደኔ አታስጠጉ፣ በቁራጭ ፕላስቲክ ሞክሩት።

ሌላው በየሱቁ ያለው የሲሊኮን ምንጣፍ ነው። ከምድጃ የወረደ ድስት ለማስቀመጥ አሪፍ ነው። የሚችለው ግን 230 ዲግሪ አካባቢ ነው። በደንብ የተያያዘ ከሰል ከ600 ዲግሪ ያልፋል። ፍም ከወደቀበት አለቀለት። ፋይበር ግላሱ 500 ዲግሪ ገደማ ይቋቋማል፣ ስለዚህ ለሚወድቅ ፍንጣሪ ይሻላል። ጠርዙ ካልተሰፋ ግን ክሩ እየተነቀለ እጅ ያሳክካል።

ከዚያ ወደ ግንባታ ዕቃ ዞርኩ። ጂፕሰም ቦርድ ርካሽ ነው፣ ቁራጩም በየቦታው ይገኛል። ጂፕሰም ከክብደቱ አንድ አምስተኛው የሚሆን ውሃ በውስጡ ይዟል። ቤት ሲቃጠል ያ ውሃ እየተነነ እሳቱን ያዘገያል፣ ለግድግዳና ለኮርኒስ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። በየቀኑ ምድጃ ከተቀመጠበት ግን ውሃው ያልቅና ዱቄት ይሆናል። ሴራሚክ ብቻውን ደግሞ አንድ ቦታው ሲግል ሌላው ቀዝቃዛ ስለሚሆን ይሰነጠቃል። አንድ ዘመድ ከድሮ ጣሪያ የወረደ የአስቤስቶስ ክዳን ቁራጭ ሊሰጠኝ ነበር፣ "ይሄ እሳት ምን ያደርገዋል?" እያለ። እሳትስ ምንም አያደርገውም። ሲቆረጥና ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ ግን ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። አመስግኜ ተውኩት። እናንተም ብትተዉት ይሻላል፣ በነፃም ቢሆን።

በመጨረሻ ያሠራሁት ነገር ቀላል ነው። ብየዳ ቤት ሄጄ ከወፍራም ላሜራ አራት ማዕዘን ትሪ አስቆረጥኩ። ጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ የታጠፈ ነው፣ ፍም ቢንከባለል እንዳይወጣ። ስፋቱ ምድጃው ከተቀመጠ በኋላ በየጎኑ አንድ ስንዝር ይተርፋል። የእኛ ላቀች ምድጃ ነው፤ አመድ የሚወጣበት በር ስላለው በዚያ በኩል ትንሽ ጨምሬበታለሁ። አራት እግር አስበየድኩለት፣ ከፍታቸው ሁለት ሴንቲ ተኩል። ከስሩ አንድ የሲሚንቶ ቦርድ ቁራጭ ይገባል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው በመሃል ያለው ክፍተት ነው። አየር በአራቱም በኩል እየገባ እየወጣ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። በያጁ "እግሩን ምን ያደርግልሃል? ዝም ብለህ መሬት ላይ አስቀምጠው" ሲለኝ ነበር። እግር ባይኖረው የድሮው ትሪ ነው፣ ትንሽ ወፈር ብሎ።

በረካ ሲቀዳ ቦርዱን ከፍ አድርጌ ምንጣፉን ዳሰስኩት። ለብ ብሏል፣ በቃ። እናቴም ዳሰሰችው። ከዚያ በኋላ የእጣን ማጨሻውንም እዚያው ላይ ማስቀመጥ ጀመረች፣ እኔ ሳልነግራት። ቅሬታዋ ክብደቱ ብቻ ነው። ትሪው ከፍራሽና ከመጋረጃ አንድ ሜትር ያህል እንዲርቅ ተስማምተናል። ስፖንጅ አንዴ ከያዘ የሚሰጠው ጊዜ በጣም አጭር ነው፣ ጭሱም መርዝ ነው። ደግሞ ትሪው ከከሰል ጭስ አያድንም። መስኮት ይከፈታል፣ እንቅልፍ ሲመጣ ምድጃው ውጭ ያድራል።

ለኩሽናው ሌላ ነገር ገዛሁ፣ የእሳት ብርድ ልብስ የሚሉትን። በቀይ ቦርሳ ታጥፎ የሚሰቀል፣ ከታች ሁለት መሳቢያ ማሰሪያ ያለው ነው። ምንጣፍ አይደለም፣ ምድጃ ስር አይገባም። ስትገዙ ኢኤን 1869 የሚል የአውሮፓ ደረጃ ቁጥር ማሸጊያው ላይ ፈልጉ። መጠኑም ለየቅል ነው፤ ሜትር በሜትር የሆነው ለመጥበሻ ነው፣ ልብሱ ለተያያዘ ሰው ግን 1.2 በ1.8 ሜትሩ ይሻላል። እኛ ትልቁን ወሰድን፣ በረመዳን ሰፈሩ ሁሉ ሳምቡሳ ሲጠብስ ዘይት ዳር የማይቆም ሰው የለምና።

የተቃጠለ ዘይት ላይ ውሃ መድፋት ክልክል ነው። ውሃው ወደ ታች ይገባና በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፣ የሚነደውን ዘይት ይዞ ፊት ላይ ይፈነዳል። ክዳኑ ቅርብ ከሆነ ክዳኑን አድርጉበት፣ ጋዙን አጥፉ። ብርድ ልብሱን የምትጠቀሙ ከሆነ እጃችሁን በጨርቁ ጠርዝ ሸፍናችሁ፣ ከራሳችሁ ወደ ወዲያ እያራቃችሁ አልብሱት። አይወረወርም። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይነካም፤ ዘይቱ እንደጋለ አየር ካገኘ እንደገና ይያዛል። እሳት ላይ የዋለ ብርድ ልብስም ተመልሶ አይሰቀልም።

እናቴ መጀመሪያ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው ነበር፣ ከእንግዳ አንሶላ ጋር። ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ ነው። አሁን ከኩሽናው በር አጠገብ ተሰቅሏል። ከምድጃው በላይ አይሰቀልም፤ እሳቱን አልፋችሁ እጃችሁን ልትሰዱ ነዋ።

ለኤሌክትሪክ ምጣድም ምንጣፍ የሚፈልጉ አሉ። እዚያ ቀድሞ የሚቃጠለው ግን ስፒናውና ሶኬቱ ነው። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ይሄን ዲቪደር አይችለውም። ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ይሳብለት፣ ስፒናው ከጋለም ሥራው ይቁም።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ አመዱ። ጠዋት የጠፋ የሚመስል አመድ ውስጡ ፍም ይዞ ያድራል። በፌስታል ወይም በፕላስቲክ ባልዲ አይደረግም። እኛ ክዳን ያለው የቆርቆሮ ባልዲ መድበንለታል፣ ግቢ ውስጥ አንድ ቀን ይቆይና በማግስቱ ይደፋል።